ሦስተኛው ጥሪ

ሉባባ ከሥራ ስትመለስ በሩን ከመንካቷ በፊት እናቷን ሦስት ጊዜ ትጠራለች። «እማ! እማ! እማ!» ሁለቴ ብትጠራ መልስ አታገኝም፤ አራቴ ብትጠራ ደግሞ «ምነው፣ ደንቆሮ አደረግሽኝ?» ትባላለች። ሕጉ የእናቷ የሩቅያ ነው፤ ሩቅያም ከእናቷ የወረሰችው፣ ጉም በጠራራ ቀን ከጦሳ ተራራ ተንከባሎ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት በዚያ የደሴ ዳገት ላይ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው። ሰው የሆነ ሰው ከደጅ ሲጠራሽ ሦስት ጊዜ ይጠራሻል። ያኛው ግን ሁለቴ ጠርቶ ያቆማል፤ ሦስተኛውን አያውቀውም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሳትሰሚ አቤት አትበይ፤ በተለይ በቀትር፣ በተለይ ጉም ሲወርድ። ያኛው ማን እንደሆነ ሩቅያ ተናግራ አታውቅም። ሉባባ በልጅነቷ በዚህ ሕግ ስታፍር ነው ያደገችው፤ እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲጣራ እናቷ ጓዳ ውስጥ ትንፋሿን ውጣ አንድ፣ ሁለት እያለች በጣቷ ስትቆጥር፣ እንግዳውም «የሉም መሰለኝ» ብሎ ሲመለስ፣ ልጅቷ በንዴት ከንፈሯን እስኪደማ ትነክስ ነበር።

ከሚያዝያ ወዲህ ሩቅያ አልጋ ላይ ናት። ስትሮክ ግራ ጎኗን ወስዶባታል፤ አንደበቷም ከብዷት አንድ ቃል ለማውጣት ወፍጮ ድንጋይ የምታነሣ ይመስል ፊቷ ላብ በላብ ይሆናል። ሉባባ በየማለዳው ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ትራስ በትራስ ላይ ትደግፍላታለች፣ አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልታ ራስጌዋ ታስቀምጣለች። ቀትር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ መሬማ ብቅ ብለው ያጎርሷታል። ወንድሟ ከአገር ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ለዓረፋ ለዓረፋ «እማ እንዴት ናት?» ብሎ ይጽፋል፣ ሉባባም «አለች» ብላ ትመልሳለች፣ ከዚያ በላይ አንዲት ፊደል አታባክንለትም። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ብቻዋን ሳለች ትጠራለች፣ የሚሰማትም አይኖርም። ለዚህ ነው ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ እንቁላል የምታክል ካሜራ የሰቀለችው፤ ፒያሳ ወርዳ በጋሽ ሙሄ የስልክ ጥገና ሱቅ ስትሠራ ስልኳን ከጎኗ አቁማ፣ አንድ ዓይኗ በብየዳው ላይ፣ አንድ ዓይኗ በእናቷ ደረት ላይ፣ ከፍ፣ ዝቅ።

ሱቁ ውስጥ የሚያናድዳት ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ይገባል፣ እሷን ያያል፣ በእሷ አናት ላይ አሻግሮ «ባለሙያው የለም?» ይላል።

«ባለሙያው ፊትህ ቆሟል» ትላለች። «የቱን ላስተካክልልህ፣ ስልክህን ወይስ ዓይንህን?»

ማንም አላስተማራትም። ፊደሉን ብቻ በሚለይ እንግሊዝኛዋ፣ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሰው «ሞቷል» ብሎ የጣለውን ስልክ ሁሉ እየከፈተች ተማረች፤ በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ያለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የብየዳ ጠባሳ ዲፕሎማዬ ነው ትላለች። የሥራ ባልደረባዋ የከዲር ዲፕሎማ ደግሞ በመስታወት ተለብጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ዲፕሎማው እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል፣ ሥራው ወደ ሉባባ ይመጣል።

ሐምሌ ሲገባ ካሜራው መቆም ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ደህና ይውልና ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ የዙህር አዛን ሳይሰማ ባለችው ጭር ባለች ሰዓት፣ ምስሉ ይደርቃል፤ የእናቷ ደረት ከፍ እንዳለ ይቀራል፣ ሳይወርድ፣ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሃያ ደቂቃ። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሉባባም ደረት አብሮ ይቆማል። ጥፋቱን ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር በመጣው ነጭ ሳጥን፣ በራውተሩ ላይ አደረገች፤ ርካሽ ነው፣ ይግላል፣ ፈርምዌሩ፣ ማለትም ውስጡ ተጽፎ የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ፣ የድሮ ነው፣ የሚያስበውን አይናገርም። ሌላ ራውተር ያስፈልጋል።

«ይቺን ውሰጂ» አላት ከዲር ከመደርደሪያው ስድስት አንቴና ያላት እንደ ሸረሪት የተንፈራጠጠች አውርዶ። «አውሬ ናት።»

«አንቴና ቀንድ አይደለም፣ አይወጋልህም» አለችው። የመረጠችው ከታች፣ ከተመላሽ ዕቃ ካርቶን ውስጥ የነበረ ጥቁር፣ ባለ ሁለት አንቴና፣ ጀርባው የተጫረ ራውተር ነበር። ሰው መልኩን ያያል፤ እሷ ዕቃውን የምትመርጠው በሆዱ ነው። የዚህ ሆድ ሰፊ ነው፤ ፋብሪካው የጻፈለትን ፈርምዌር ፍቆ፣ በየአገሩ ያሉ እንደ እሷ ያሉ ግትሮች ተባብረው የጻፉትን፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚያወርደውን ክፍት ፈርምዌር ይቀበላል። በዚያ ፈርምዌር ራውተሩ ያለውን ሁሉ ይናገራል፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ደጅ ቆሞ አንኳኳ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ውስጥ፣ እናቷ አልጋ አጠገብ፣ ሥራውን ጀመረች። አዲሱ ፈርምዌር እየተጻፈ መብራት ከሄደ ራውተሩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ የደሴን መብራት ስለምታውቀው ከመኪና ባትሪ ጋር አያያዘችው። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል፣ ከባትሪው የሚወጣው የአሲድ ሽታ በክፍሉ ውስጥ ካለው የቅባትና የአጥሚት ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ሩቅያ በደህናው ዓይኗ ሳጥኑን አተኩራ ታየው ነበር። አረንጓዴዋ ስትበራ ሉባባ ብቻዋን እልል አለች። ለዋይፋዩ ስም አወጣችለት። ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ እንዲያነበው፣ «አትድከሙ» አለችው። ሃያ አራት ፊደል ያለው ፓስወርድ ሰጠችው። የሚፈቀድላቸውን መሣሪያዎች በዝርዝር ጻፈች፤ ሦስት ብቻ፣ ካሜራው፣ ላፕቶፗ፣ ስልኳ። እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ጣት አሻራ ከፋብሪካው ይዞት የሚወጣ ቁጥር አለው፤ በዚያ ቁጥር ነው የምታውቃቸው። ከሱቅ ሆና ከርቀት የምትገባበትንም በር በስልኳ ቁጥር ቆለፈችው። ከእሷ በቀር ማንም እንዳይገባ።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ምስሉ ደረቀ።

ሉባባ የያዘችውን ፒንሳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አሁን ግን መዝገብ አላት። ስልክ ማለት ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሲጣራ የሚውል ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት የሚያውቀውን የዋይፋይ ስም እየጠራ «አለህ ወይ?» ይላል፣ በዚያ ስም «አለሁ» የሚለው ካገኘ ያምነዋል፣ ይገባለታል። ይህን ጥሪ ሰው አይሰማውም፤ የድሮው ሳጥንም አይሰማውም ነበር። ይሄኛው ይሰማል፣ ሰምቶም ይጽፋል። ልክ በስድስት ሰዓት አንድ የማይታወቅ መሣሪያ፣ ቁጥሩ ሁሉ ዜሮ የሆነ፣ አንድ ስም ጠርቶ ነበር፤

ሉባባ።

ሉባባ።

ከዚያ ዝም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ምንም የለም። ከአጠገቡ የተጻፈው ቁጥር ሰማንያ አንድ ነበር፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጠሪው ቀርቧል ማለት ነው፣ ሰማንያ አንድ ደግሞ ከግቢው በላይ፣ ባሕር ዛፉ ጋ መሆኑን በልቧ ለካች። በዚያ ስም የተሰየመ ዋይፋይ በደሴ ከተማ የለም። እንግዲህ አንዱ በስሟ እየቀለደ ነው ማለት ነው፤ ቤቷ ድረስ ሄዶ። ደሟ ተንተከተከ።

«ስሜን ጠርተህ ደጃፌ የምትዞረው አንተ ነህ?» አለችው ከዲርን።

«ማን? እኔ?» ከዲር የተከፈተ ስልክ እንደያዘ ቀና አለ። «ሉቤ፣ ያንን ዳገት የምወጣው ነፍሴ ስትወጣ ነው።»

«ያቺን ቀን ባፋጠንኳት!»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነኝ? እዚሁ ፊትሽ ፍርፍሬን እበላለሁ።»

እውነቱን ነው። የበለጠ ያናደዳትም እውነት መናገሩ ነው። «ሲያኝኩ ድምፅ ማሰማትህን ግን ተው» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም።

ማክሰኞ ሰባ ሁለት ሆነ። ረቡዕ ስልሳ አራት፤ የቆርቆሮው የግቢ በር ጋ። ሐሙስ ሃምሳ አምስት፤ ከደጁ ወጣ ብሎ ልብስ የሚታጠብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት፣ ሁልጊዜ ስሟ፣ ሁልጊዜ ሁለቴ። እውነተኛ ስልክ ግን እንዲህ አይጠራም፤ እውነተኛ ስልክ እንደ ለማኝ ነው፣ መቶ ጊዜ ይለምናል፣ ስም ይለዋውጣል። ይህን አስተዋለችው፣ አስተውላም በንዴቷ ሥር ቀበረችው። በደረቀው ምስል ላይም ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለማየት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እናቷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ደህናውን ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ በላይ አንሥታ፣ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ ነበር። ምስሉ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደዚያው ቆሞ ቆየ፤ ሁለት ጣት በአየር ላይ፣ ሦስተኛውን እየጠበቀ።

የዚያን ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ደርሳ ላፕቶፗን ከፈተች። በጥቁሩ ራውተር ላይ ሁለተኛ ዋይፋይ፣ ያለ ፓስወርድ፣ ክፍቱን ሠራች፤ ስሙንም «ሉባባ» አለችው። ወጥመድ ነው። ይጠራል፣ «አለሁ» ይባላል፣ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ሆዱን ከፍታ ታየዋለች፣ ማን እንደሆነ፣ የማን ስልክ እንደሆነ፣ ከዚያ በሰፈሩ ፊት ታዋርደዋለች። ምን ብላ እንደምታዋርደው ቃላቱን ሳይቀር መርጣለች።

«ሉ... ቤ» አለች እናቷ ከአልጋው። ቃሉ እስኪወጣ አንገቷ ተገተረ። «አቤት... እንዳትይው።»

ሉባባ እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ። ለካ ትሰማዋለች? ከዚያ ግን በእትዬ መሬማ ፈረደች፤ ስለ ጥሪው በስልክ ያወራኋቸውን ነግረዋት ነው፣ ወሬ መያዝ መች ያውቁና፣ አለች በልቧ። «እኔ አቤት አልልም እማ» አለች ሳታያት። «እኔ ና ግባ፣ ልይህ ነው የምለው።»

«ያው... ነው።»

«እማ፣ በአላህ! ይሄ ማሽን ነው። ያንቺን ተረት እዚህ አታምጪብኝ። ሌት ተቀን የምደክመው ለማን መሰለሽ?» ድምፅዋ ከፍ ሲል ሩቅያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከተጨፈነው ዓይን ጥግ አንዲት እንባ ወርዳ ጆሮዋ ሥር ገባች። ሉባባ አየቻት። ይቅርታ ልትል አሰበች፤ አሰበችና «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።

ዓርብ ሰማዩ ተራራው ላይ ተደፍቶ ዋለ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሉባባ ሥራዋን አቁማ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ሉባባ፣ አለ መዝገቡ። ሉባባ፣ አለ። ራውተሩም በሰጠችው ስም መለሰ። አንድ መሣሪያ ገባ፤ ቁጥሩም ዜሮ አልነበረም። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ስሙም ከጎኑ ተጽፎ ነበር፤ «የሉባባ ስልክ»። ርቀቱ ሠላሳ፤ ይኸውም ራውተሩ ያለበት ክፍል፣ ከአልጋው አንድ እርምጃ። የሉባባ ስልክ በሉባባ መዳፍ ውስጥ ሞቆ፣ በላብ ረጥቦ ነበር።

ምስሉ ግን አልደረቀም። ከሐምሌ መግቢያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀትር የእናቷ ደረት ከፍ፣ ዝቅ አለ። ከምስሉ ጠርዝ አንድ እጅ ማንኪያ ይዞ ገባና አጎረሳት፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፤ በጥንቃቄ፣ አንድም ጠብታ ሳያንጠባጥብ። እትዬ መሬማ ናቸው፣ አለች ሉባባ ለራሷ። ቁጥሬን ደግሞ አንዱ ገልብጦ ሰርቆታል፤ ይቻላል፣ እኔም እችላለሁ። ይህን በአእምሮዋ ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠችው።

እስኪመሽ ሳትጠብቅ ከሱቁ ወጥታ ቤቷ ደረሰች። ክፍሉ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸት ነበር፤ ከሥሩም ቀጭን የብየዳ ጢስ፣ የራሷ ልብስ የሚሸተውን ዓይነት። እናቷን ሰው አጥቧታል። ሉባባ ለወራት ጊዜ አጥታ እንደ ነገሩ ጠቅልላ የምታስረው ፀጉሯ ቅቤ ተቀብቶ፣ ጥንቅቅ ብሎ ተሠርቷል። ፊቷ ላይም ያልለመደባት ነገር አለ፤ ዕረፍት።

«ማነው የሠራሽ?»

ሩቅያ ፈገግ አለች፤ በደህናው ጎን ብቻ። ቃሉም ሳይከብዳት ወጣ። «አንቺ ነሻ። ቀትር ላይ ስትመጪ ደግ ነሽ ሉቤ። አትቆጪኝም።»

ሉባባ አጥሩን ዞራ እትዬ መሬማ ደጅ ቆመች። ሴትዮዋ ገብስ እያበጠሩ ነበር።

«ዛሬ ማንን ነው ቤቴ ያስገቡት?»

«ማንን አስገባለሁ የኔ ልጅ? አንቺን አይቼሽ ከደጅ ተመለስኩ እንጂ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ስታጎርሻት፣ በዚያ በቀይ ሻሽሽ። ሉባባ ሉባባ ብዬ ተጣራሁ፤ ዞር አላልሽም። ሥራ ይዛለች አልኩ።»

ቀዩ ሻሽ አሁን ሉባባ ራስ ላይ ነው፤ ማለዳ አስራው ወጥታ ቀኑን ሙሉ ፒያሳ አድርጋው የዋለችው። ሻሹን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያም ጮኸች። «አልመጣሁም ማለት ከበደዎት? ሰነፍኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ማለት? ትልቅ ሴት ትዋሻለች? ከዛሬ ወዲያ እግርዎ ደጄ እንዳይደርስ!»

እትዬ መሬማ ሰፌዱን ቀስ አድርገው መሬት አኖሩት። «እኔ እቀራለሁ» አሉ። «ብቻ አንቺ ካልነበርሽ፣ የኔ ልጅ፣ ከእናትሽ ጎን ሰው አይጥፋ።» ሉባባ ግን ፊቷን አዙራ ሄዳ ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ አልቀርም አለች። መቅረት መፍራት ነው፤ እሷ ደግሞ ለማንም ተረት አትፈራም። ገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁ ሙሉ፣ ከዲር አኩርፎ፣ ጋሽ ሙሄ የመቁጠሪያ ዶቃቸውን እየቆጠሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኳን ከፈተች። በዚያን ቀን ማንም አልጠራም። ከገባ በኋላ ማን ይጠራል? ዝርዝሩ ላይ «የሉባባ ስልክ» ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ከርቀት የገባው የእሷው፣ አንዱ በርቀት ሃያ፣ እሷ በስልክ አይታ የማታውቀው ቅርበት፣ ከራውተሩ ጋር ተነካክቶ እንደሚቀመጥ ነገር። በምስሉ ላይ በእናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ሴት ተቀምጣለች። ጀርባዋ ብቻ ይታያል፤ ቀይ ሻሽ፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ትከሻ፣ ሉባባ ከመጎንበስ ብዛት ያመጣችው ትከሻ። የእናቷን የደነዘዘ ግራ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጣት በጣት ታሸዋለች። ሩቅያም ትስቃለች። ሉባባ የእናቷን ሳቅ ከሰማች ስንት ወር ሆናት?

ያን ጊዜ የተነሣባት ቁጣ ፍርሃቷን ዋጠው። ቅናት ይሁን እልህ ለራሷም አልገባትም። እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ እኔ ነኝ የተሸከምኳት፣ እኔ! ዝርዝሩን ከፈተች፣ ያችን ባለ ሃያዋን መረጠች፣ «አግድ» የሚለውን ተጫነች። ሁለቱ አንድ ቁጥር እንደያዙ ታውቃለች፤ ራውተሩም በዚያ ቁጥር ከሁለት አንዷን ብቻ እንደሚያስቀር ታውቃለች፤ ለማሰብ አንዲት ትንፋሽ ይበቃት ነበር። እርግጠኛ ነሽ? አለ ማሽኑ። ነኝ፣ አለችው በጣቷ።

ሴትዮዋ ማሸቷን አቆመች። ተነሣች፣ ወደ ካሜራው መጣች፣ ፊቷ ከመታየቱ በፊትም መዳፏን በቀስታ፣ የተኛ ሕፃን ዓይን እንደሚሸፍን ሰው፣ ምስሉ ላይ ዘረጋችው። ከመጨለሙ በፊት የቀኝ አውራ ጣቷ ቀረበ፤ በላዩም የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ። ሉባባ የራሷን አውራ ጣት አየች። ለስላሳ ነበር። በሌላኛው እጇ አሸችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ምንም የለበትም። ስልኩ ላይ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር፤ «ይህ መሣሪያ አይታወቅም።»

ከጠረጴዛው ተነሥታ ስትወጣ ከዲርን በትከሻዋ ገፋችው። ቀና ብሎ አያት፤ በትሕትና፣ ደንበኛን እንደሚያይ ሰው።

«እህት፣ ባለሙያዋ ምሳ ወጥታለች» አላት። «ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ።»

ቀልድህን በልተህ ጥገብ ልትለው ነበር፤ ጊዜ አልነበራትም።

ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ከመንገዱ አጋማሽ በላይ ጉሙ ወርዶ አገኛት፤ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ፣ የባሕር ዛፍ ሽታው ጉሮሮ የሚከረክር ጉም፣ የገበያውን ጫጫታ ከኋላዋ እንደ በር ዘግቶ የሚያስቀር። የሰፈሩ ውሾች ሌላ ቀን ኮቴዋን ሲሰሙ ጅራታቸውን እየቆሉ ይመጣሉ፤ ዛሬ አንዱ ከአጥር ሥር ብድግ ብሎ ጸጉሩ ቆመና ሳይጮኽ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ጠፋ። እትዬ መሬማ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ሉባባ እጇን አነሣች። እሳቸው በእሷ በኩል አሻግረው ጉሙን አዩ፣ ከንፈራቸው በዱዓ ተንቀሳቀሰ፣ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ቁልፏ በቤቷ በር ውስጥ ዞረ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። መቀርቀሪያው ከውስጥ ተጥሏል። ሩቅያ ከአልጋ መነሣት አትችልም። ሉባባ በሩን በጡጫ መታችው፤ ድምፁ እንደ ጥጥ ሆኖ ወደ ራሷ ተመለሰ። በእጇ ያለው ስልክ ቤቱን አውቆት ለመግባት ሞክሮ፣ ተከልክሎ፣ የከለከለውን ስም በብርሃን አሳያት፤ «አትድከሙ»። ከበሩ ወዲያ የማንኪያና የሳህን ድምፅ፣ የፔርሙስ ክዳን ሲዞር፣ እናቷ ስትውጥ ይሰማል። ቤቱ ሙሉ ነው። የጎደለ ሰው የለበትም።

«እማ!» ብላ ጮኸች፣ በሙሉ ቁጣዋ።

ማንኪያው ቆመ።

«እማ!»

እናቷ እጇን ከብርድ ልብሱ በላይ አንሥታ፣ ሁለት ጣት ዘርግታ፣ እየጠበቀች እንደሆነ ሉባባ ሳታይ አየችው። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር አለ፤ ዕድሜዋን ሁሉ እዚህ ደጅ ቆማ ያደረገችው ነገር፣ ቀላል ነገር፣ እናትና ልጅን ከሌላው ሁሉ የሚለይ ነገር። አፏን ከፈተች። ጉሙ ገባበት። ከሁለት በኋላ ምን እንደሚመጣ ፈለገችው፣ በአንደበቷ፣ በጣቶቿ፣ በልጅነቷ ውስጥ ፈለገችው፣ ቦታው ሁሉ ዜሮ ነበር።

ከበሩ ወዲያ የገዛ ድምፅዋ፣ ቁጣ የሚባል ፈጽሞ የሌለበት፣ እናትን እሹሩሩ በሚል ልስላሴ እንዲህ ሲል ሰማችው፤ «አቤት እንዳትይ፣ እማዬ፤ ሁለቴ ብቻ ነው የጠራችሽ።»